90 ጫማ ወደ ታች

የአዲስ አበባ ልጅ ስለ ዓሣ ያለው እውቀት ሁለት ጥያቄ ላይ ያልቃል። አንዱ የአስተናጋጁ ነው፤ «ጥብስ ይሁን ጉላሽ?» ሌላው የእናቶቻችን ነው፤ «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም?» ሁለተኛው ክርክር እኛ ሳንወለድ ተጀምሮ እኛ ካረጀንም በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ አልገባበትም። ዓሣው ከየትኛው ውሃ ወጣ፣ ማን በምን ያዘው፣ ምን በልቶ አደገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ቢበዛ ሐዋሳ ወርደን አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በዳጣ በልተን፣ ከአባ ኮዳ ጋር ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። አለቀ።

እኔንም ስለ መንጠቆና ስለ ክር እንድጽፍ ያደረገኝ የዓሣ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። የአጎቴ ልጅ እርግዝና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ቺካጎ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ልጁ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐኪሟ ዓሣ ብዪ፣ ለፅንሱ አእምሮ ጥሩ ነው ብላታለች። የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ፣ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ሱፐርማርኬት ያለውን የታሸገ ቆሮሶ አገላብጠው አይተው መልሰው አስቀመጡት። «ስንት ወር በረዶ ውስጥ የተኛ ሬሳ ለልጄ አላበላም! ይሄን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን ተዘርግቶ!» አሉ። የሐይቁስ ነገር እውነታቸውን ነው። ሚሺጋን ሐይቅ ከቤታቸው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

አጎቴ ታክሲ ይነዳል። እሱና ሦስት አበሻ የሥራ ባልደረቦቹ በዓመት አንድ ቀን ገንዘብ አዋጥተው ጀልባ ከነካፒቴኑ ይከራያሉ። ዘንድሮ አንደኛው ቀረና ቦታው ለእኔ ደረሰኝ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ከቺካጎ በስተሰሜን ዋኪገን የምትባል የወደብ ከተማ ደረስን። ካፒቴኑ ነጭ አዛውንት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ይህን የያዙት። ወሬ አያበዙም። እኔ ጀልባው ላይ ወጥቼ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ትሉ የታለ?» ብዬ ነበር። ሳቁ። ትል የለም።

የሚሠሩት ትሮሊንግ የሚባለውን ነው። አማርኛ ስፈልግለት ሰንብቼ «እየጎተቱ ማጥመድ» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁም። ጀልባው አንድ ቦታ ቆሞ ዓሣ አይጠብቅም፤ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ከኋላውና ከጎኑ ስምንት ዘጠኝ ክር ይጎትታል። እያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ብረት ወይም ፕላስቲክ አለ። ለምን ይሄ ሁሉ መልፋት ብትሉ፣ ሐይቁ ትልቅ ስለሆነ ነው። ሚሺጋን ሐይቅ 58 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የእኛን ጣና ወደ 20 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር አካባቢ ሲሆን ሚሺጋን ግን እስከ 281 ሜትር ይወርዳል። እዚያ መሀል አንድ መንጠቆ ጥሎ ቁጭ ማለት፣ ታክሲ በማያልፍበት መንገድ ላይ ቆሞ ታክሲ እንደመጠበቅ ነው።

ስፋቱ ግን ቀላሉ ችግር ነው። ከባዱ ጥልቀቱ ነው። ዓሣው ከላይ ነው? ከመሀል ነው? ከታች ነው?

ስፕሪስ ታውቃላችሁ አይደል? ከታች አቮካዶ፣ ከመሀል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ ሳይደባለቅ ብርጭቆ ውስጥ ተኝቶ የሚመጣው? ሐይቁ በነሐሴ ስፕሪስ ነው። ላይኛው ውሃ ፀሐይ ያሞቀው ነው፤ ሰው ይዋኝበታል። ታችኛው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ፣ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ነው፤ ውሃ ከምንም በላይ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ እዚያው ታች ይተኛል። በሁለቱ መሀል በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ሙቀቱ ድንገት የሚወድቅበት ስስ ንጣፍ አለ። ቺኑክ የሚባለው ሳልሞን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ያለውን ውሃ ይወዳል፤ ስለዚህ በበጋቸው የሚገኘው እዚያ ስስ ንጣፍ አካባቢ ነው። የሐይቁ ትራውት ደግሞ ከዚያም የቀዘቀዘ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ወለሉ አጠገብ ይውላል።

በዚህ ላይ ስፕሪሱ ባለበት አይቀመጥም። ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ለቀናት ከነፈሰ ሞቃቱን ውሃ ከዋኪገን ዳርቻ ገፍቶ ወደ መሀል ይወስደዋል፤ በምትኩ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ነፋሱ ሲገለበጥ ሞቃቱ ተመልሶ ይከመራል። ትናንት 60 ጫማ ላይ የነበረ ዓሣ ዛሬ 30 ላይ ሊሆን ይችላል። ካፒቴኑ ገና ክር ሳይጥሉ የሙቀት መለኪያውን አውርደው፣ ሶናሩ ላይ አፍጥጠው ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም አሉ። አጎቴ «እሳቸው መቼም ጠንቋይ ናቸው» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ ግን ዘጋቢ መሰሉኝ። ከመጻፋቸው በፊት ይጠይቃሉ።

አሁን የማጥመጃው ጓዝ ላይ እንምጣ፤ እኔ በፍቅር የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። ዳውንሪገር ይባላል። ጀልባው ኋላ ላይ እንደ ትንሽ ክሬን የተዘረጋ ክንድ አለ። ክንዱ ሥር ቀጭን የብረት ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሽቦው ጫፍ ላይ አምስት ኪሎ የሚጠጋ የእርሳስ ድቡልቡል ተንጠልጥሏል። የማጥመጃው ክር ከዘንጉ ወጥቶ ሽቦው ላይ በመቆንጠጫ ይያዛል፤ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ አስቡ። እርሳሱ ሲወርድ ክሩን ይዞት ይወርዳል፤ ቆጣሪውም ስንት ጫማ እንደወረደ ይቆጥራል። በቃ! ማታለያችሁን በፈለጋችሁት ጥልቀት ላይ አስቀመጣችሁት ማለት ነው። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎብጦ ይቆያል። ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ያመልጣል፤ ዘንጉ ቀጥ ይልና ወዲያው ደግሞ ይጎብጣል። እርሳሱ ሽቦው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እናንተና ዓሣው በአንድ ቀጭን ክር ብቻ ነው የምትገናኙት።

ይሄ መቆንጠጫ ከባድ ጥያቄ ነው የፈታው። ጥልቅ ውሃ ለመድረስ ክብደት ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ክሩ ላይ ከታሰረ ግን የምትታገሉት ከክብደቱ ጋር ይሆናል፤ ዓሣው መኖሩም አይሰማችሁም። ስለዚህ ክብደቱ አድርሶ ይመለሳል። ሚዜ በሉት።

ቆጣሪውን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ጀልባው ሲሄድ ውሃው ሽቦውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሽቦው ያዘነብላል። ቆጣሪው 90 ሲል እርሳሱ በእርግጥ 90 ላይ ላይሆን ይችላል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። ካፒቴኑ የሚነዱት በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ላይ ሱቅ ለሱቅ እያያችሁ በምትሄዱበት ፍጥነት ነው። ነገር ግን ታች ያለው ውሃ የራሱ ሞገድ አለው፤ ላይ ያለው ፍጥነት ታች ሌላ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጀልባውን ያጥፉታል። ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያሉት ክሮች ይፈጥናሉ፣ በውስጥ በኩል ያሉት ይዘገያሉ፣ ትንሽም ወደ ታች ይሰምጣሉ። የውጪዎቹ ከተነከሱ ዓሣው ፍጥነት ፈልጓል፤ የውስጦቹ ከተነከሱ ዝግታ ፈልጓል። አንዲት መታጠፊያ ለሁለት ጥያቄ መልስ ትሰጣለች! የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስቡ ድርጅቶች ቢሰሙ ጥሩ ነበር።

ማታለያዎቹም ብዙ ናቸው። ዋናው ስሙም መልኩም ማንኪያ ነው፤ እጀታው የተቆረጠ የሾርባ ማንኪያ፣ ቀለም የተቀባ፣ መንጠቆ ያለው። ሲጎተት ይንገዳገዳል። ቀዩ አማረኝና አነሳሁት፤ ካፒቴኑ መልሰው አስቀመጡት። ውሃ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ብርሃን ነው፤ ታች ሲደርስ ቀዩ ጥቁር ይሆናል። እሳቸው የመረጡት አረንጓዴ፣ ሰማያዊና በጨለማ የሚያበራውን ነው፤ የሚያበራውን ከመጣላቸው በፊት ባትሪ አብርተው ብርሃን «ያጠጡታል»። ፍላሸር የሚባለው ደግሞ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ የሚያብለጨልጭ ሰፊ ፕላስቲክ ነው፤ ከኋላው የሠርግ አዳራሽ ጌጥ የመሰለ ፈትል ያስከትላል። ውስጡ እርሳስ ያለበት ክርም አለ፤ በየአሥር ያርዱ ቀለሙ ስለሚለዋወጥ «አምስት ቀለም ልቀቅ» ይባላል እንጂ ስንት ሜትር ተብሎ አይቆጠርም። ክሮቹ እንዳይጠላለፉ ወደ ጎን እየጎተቱ የሚወስዱ ጠፍጣፋ ተንሳፋፊዎችም አሉ። ስለነሱ ብዙ አልልም፤ ሁለቱን ለመፍታት የአጎቴ ጓደኞች ግማሽ ሰዓት ሲጨቃጨቁ ስላየሁ ጠላኋቸው።

እስከ ሦስት ሰዓት ጠዋት ድረስ 60 እና 70 ጫማ ላይ ሁለት ሳልሞን ያዝን። በመሀል ረጅም ዝምታ ነበር፤ ካፒቴኑ ስለ ሐይቁ ያወሩኝ ያን ጊዜ ነው።

ሳልሞን የዚያ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። የጥንቱ ባለቤት ትራውቱ ነበር። የወላንድ ቦይ ተቆፍሮ መርከብ የናያጋራን ፏፏቴ ዞሮ ማለፍ ሲችል፣ መርከብ ብቻ አላለፈም። ላምፕሬይ የሚባል እንደ እባብ የረዘመ፣ አፉ ክብ መምጠጫ የሆነ፣ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ፍጡርም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1936 ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ታየ፤ በ1950ዎቹ ትራውቱ ከሐይቁ ጠፍቶ ነበር። አዳኙ ሲጠፋ አልዋይፍ የሚባል ሌላ መጤ ትንሽ ዓሣ ያለ ከልካይ ተራባ። በ1967 ክረምት አጋማሽ ከመብዛቱ የተነሳ ሞቶ የቺካጎን ዳርቻ ሞላው፤ ከተማዋ ሸተተች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ የመጣ ኮሆ ሳልሞን ሐይቁ ውስጥ አስለቅቀው ነበር፤ ቺኑኩ ተከተለ። ሳልሞኑ አልዋይፉን በላ፣ ወፈረ፣ ሰው ደግሞ ሳልሞኑን ሊያጠምድ ጀልባ ገዛ። ላምፕሬዩን የሚገድል ኬሚካል ተገኝቶ ትራውቱም በሰው እጅ ተራብቶ ተመለሰ። ከዚያ ደግሞ በመርከብ ሌላ መጤ መጣ፤ ውሃውን አጣርቶ የትንንሾቹን ዓሦች ምግብ የሚጨርስ ዛጎል ለበስ። ጎረቤቱ ሂዩረን ሐይቅ ውስጥ በ2003 እና በ2004 አልዋይፉ አለቀ፤ ሳልሞኑም አብሮ ወደቀ። እኛ የታክሲ ነጂ ገንዘብ አዋጥተን የምንጎትተው ማንኪያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጫፍ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ወደ አራት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ አንዱን እርሳስ ወለሉ ድረስ ለቀቁት። 90 ጫማ። እርሳሱ ደለሉን መታ መታ እያደረገ፣ አቧራ እያስነሳ ይጎተት ጀመር፤ ትራውት አቧራውን አይቶ ይመጣል አሉ። አንድ ሲጋራ ተጨሶ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም። ዘንጉ ቀጥ አለና ጎበጠ። ተራው የአጎቴ ነበር። ሩብ ሰዓት ታገለ። መረቡ ውስጥ የገባው ዓሣ ግራጫ፣ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ከክንዴ የሚረዝም ነበር። ዕድሜው ሃያን ሳያልፍ አይቀርም አሉ ካፒቴኑ። አጎቴ በሁለት እጁ አቅፎት ፎቶ ተነሳና፣

«ይሄ ለልጄ ነው» አለ።

ካፒቴኑ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ነፍሰ ጡር መሆኗንም ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ወደ ውስጥ ገብተው በፕላስቲክ የታሸገ አንድ ገጽ ወረቀት አምጥተው ሰጡኝ። የጤና መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የዓሣው ዓይነት፣ በሌላ በኩል ርዝመቱ፣ ቀጥሎ በስንት ጊዜ አንዴ ቢበላ እንደሚሻል። ዓሣው በረዘመ ቁጥር የተፈቀደው ምግብ ያንሳል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ የበለጠ ይጠብቃል።

ምክንያቱ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ነው። ለኤሌክትሪክ ዕቃና ለማሽን ዘይት ያገለግል ነበር፤ አሜሪካ በ1979 ምርቱን ከልክላለች። ግን አይበሰብስም። ስብ ይወዳል። ከደለሉ ወደ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ከነሱ ወደ አልዋይፍ፣ ከአልዋይፍ ወደ ትራውት እየተጠራቀመ ይወጣል፤ ዕድሜው የረዘመ፣ ስቡ የበዛ፣ ሌላውን ሲበላ የኖረ ዓሣ ከሁሉ በላይ ይሸከማል። እኛ ፎቶ የምንነሳበት ዓሣ ማለት ነው። ሐይቁ ደግሞ ውሃው ተለውጦ እስኪያልቅ ብዙ አስርት ዓመታት ይፈጅበታል። ያ እኛ የተነሳንበት የዋኪገን ወደብም በዚሁ የታወቀ ነው። ለዓመታት ፒሲቢ ያለበትን ዘይት ወደቡ ውስጥ ሲለቅ የነበረው ፋብሪካ የአውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ነበር። ሥራው ምን ነበር? የጀልባ ሞተር መሥራት።

ማታ ቤት ስንደርስ እትዬ ዘይት ጥደው ጠበቁን። ወረቀቱን አነበብኩላቸው።

«ፋብሪካው አሁንም አለ?»

«የለም፣ በ2000 ከስሯል።»

«የሌለ ፋብሪካ ልጄ ሳህን ላይ ምን ይሠራል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ የተሻለ አርዕስት እኔም አላወጣሁም። የማውቀውን ነገርኳቸው። አጎቴ ግድግዳውን ያያል። ቀኑን ሙሉ ያን ዓሣ ለልጁ ሲያስብ ነው የዋለው፤ አምጥቶ «አትብላው» መባል ቀላል አይደለም። የአጎቴ ልጅ እራሷ ናት ነገሩን የጨረሰችው። ስልኳን አውጥታ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡሮች ያወጣውን ዝርዝር አነበበች። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢበሉ ይመረጣሉ ከተባሉት ውስጥ አንዱ ቲላፒያ ነው። ቆሮሶ። እትዬ ሬሳ ያሉት።

ትራውቱን እኔና አጎቴ አዘጋጀነው። ቆዳው ተገፈፈ፤ የጀርባው፣ የሆዱና የጎኑ ጠቆር ያለ ስብ ተቆርጦ ወጣ፤ ዘይት ውስጥ መጥበሱ ቀርቶ ስቡ እንዲንጠባጠብ ፍርግርግ ላይ ተጠበሰ። ይሄ ፒሲቢውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ሥጋው ውስጥ ላለው ሜርኩሪ ደግሞ ምንም አያደርግም። አጎቴና ጓደኞቹ በአዋዜ በሉት፤ እኔ አንድ ጉርሻ ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው። አለመጣፈጡ ይሻል ነበር።

እኔ የምለው ግን፣ አሞራ ገደል ላይ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከዝዋይና ከሐዋሳ በተወሰዱ ዓሦች ላይ የዲዲቲ ቅሪት አግኝተው የጻፉ ተመራማሪዎች ግን አሉ። ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስ መጽሔት ነው። ካፒቴኑ ከጓዳቸው የሚያወጡት ዓይነት አንድ ገጽ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዳጣው አጠገብ የሚሰቀል።

በማግስቱ እትዬ እኔን አስከትለው ሱፐርማርኬት ሄዱ። የታሸገውን ቆሮሶ አንስተው ፊትና ኋላውን አዩ።

«ምን በልቶ እንዳደገ ጽፈዋል?»

«አልጻፉም፣ እትዬ። ያደገበት አገር ብቻ ነው ያለው።»

«ጋዜጠኛ አይደለሽ? ጠይቂያቸዋ!»

ማሸጊያው ጀርባ ላይ ስልክ ቁጥር ነበረው። እዚያው በረዶው አጠገብ ቆሜ ደወልኩ። ሙዚቃ ከፈቱልኝ። እትዬ ዓሣውን እንደያዙ፣ ጣታቸው እየቀዘቀዘ፣ «ምን አሉ?» ይሉኛል።